ጋሼ አውልቁ

የጡብ ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጭስ ማውጫው ፈርሷል፤ ሠራተኞቹም ገሚሱ ሞቶ፣ ገሚሱ ጡረታ ወጥቶ ተበትኗል። በዕረፍት ቀናቸው፣ በገዛ ጡባቸው የገነቡት የመዝናኛ አዳራሽ ግን ዛሬም አለ። ያውም ምን የመሰለ! ግድግዳው ላይ አንዲት ስንጥቅ አይገኝም። ወለሉማ አይነሳ፤ ጎንበስ ያለ ሰው ጢሙን ሊላጭበት ይችላል።

ይህ ሁሉ ያንድ ሰው ልፋት ነው፤ የጠባቂው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጠዋት መጥተው በራፉ ላይ ጫማቸውን ያወልቁና ነጠላ ጫማ ያደርጋሉ። መስኮት ከፍተው፣ የሰም ቆርቆሯቸውንና የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ይዘው ይንበረከካሉ። እስከ ምሳ ይወለውላሉ። ከምሳ በኋላ መድረኩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው የወለወሉትን ያያሉ። አመሻሽ ላይ ቆልፈው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እዚያም አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ይጠብቋቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

በአዳራሹ በር ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሥሩ አርባ ጥንድ ጫማ የሚይዝ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ሁልጊዜ የሚታየው የጠባቂው ጫማ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ባለሙያ መጣች። ወጣት ናት፤ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ጥራዝ ቅጽ ይዛለች። ሥራዋ አሮጌ ሕንፃ መርምራ «ይቆይ» ወይስ «ይፍረስ» ብሎ ለሚወስነው ኮሚቴ ማቅረብ ነው። ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ የፈለጉ ሰዎች እንዳሉ ጠባቂው ከሰሙ ሰንብተዋል፤ እህል አልበላ ካላቸውም እንደዚያው።

«ጫማ» አሏት፣ ገና ደፉን ሳትረግጥ።

አወለቀች። አንዱ ካልሲዋ ጫፉ ላይ ተቀዶ አውራ ጣቷ ብቅ ብሏል። ጠባቂው አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ እሳቸውን የሚመለከታቸው ወለል እንጂ ካልሲ አይደለም።

ባለሙያዋ ግድግዳውን አንኳኳች፣ ጣሪያውን በባትሪ አየች፣ መስኮቶቹን ለካች። «እንዲህ የተያዘ ሕንፃ አይቼ አላውቅም» ስትል ጠባቂው አንድ ስንዝር ያህል ረዘሙ።

«ዘጠኝ ዓመት አንዲት ጭረት አልጨመርኩበትም» አሉ።

ቀጥላ መጋረጃዎቹን ዘጋችና ወለሉ ላይ በደረቷ ተኛች። ባትሪውንም አጋድማ አበራችው። ብርሃኑ ጣውላውን ታክኮ ሲሄድ ያ መስታወት የሚመስለው ወለል በጉድጓድ ተሞልቶ ተገኘ፤ ጥቃቅን፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ጉድጓዶች፣ በሺህ የሚቆጠሩ።

«ይሄ ሁሉ የሴት ታኮ ነው» አለች ባለሙያዋ። «እዚህ መሃል ይደንሱ ነበር። እዚያ ጋ ሁለት ቦታ ፈዘዝ ያለው ደግሞ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ከዚህና ከዚያ ቆመው የሚጫወቱበት ነው። ይሄ የመድረኩ ጥግስ? እዚህ ማን ነበር? አንድ ቦታ ላይ ነው ሲሽከረከር የኖረው።»

ጠባቂው ተንበረከኩ። ጥጉን ያውቁታል። «ባለቤቴ ናት» አሉ። «መሃል መግባት አትወድም ነበር። እዚሁ ነው የምትደንሰው።» ጣታቸውን ጉድጓዶቹ ላይ አሳረፉና አላነሱትም። በየቀኑ የሚወለውሉት ቦታ ነው፤ እንዲህ ግን አይተውት አያውቁም።

ባለሙያዋ ባትሪውን ወደ በሩ አዞረች። «የቅርብ ጊዜው ይሄኛው ብቻ ነው» አለች። ከበሩ የተነሳ አንድ የደበዘዘ መስመር ወደ ሰም ማስቀመጫው ቁም ሳጥን ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ወንበሯ፤ ከወንበሯ ተመልሶ ወደ በሩ። ስፋቱ ክንድ አይሞላም። «ያንድ ሰው መንገድ ነው። ሌላ ማንም አልረገጠውም።»

ጠባቂው ነጠላ ጫማቸውን አዩ።

«ሕንፃው ደህና ነው» አለች እየተነሳች። «ችግሩ የቅጹ አምስተኛ ጥያቄ ነው። ‹የሚቆየው ለማን ነው?› ይላል። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ኮሚቴው እዚህ ይመጣል። ሃያ የሰፈር ሰው እዚሁ ቆሞ፣ ለምን እንደሚፈልገው በየተራ መናገር አለበት።»

«ሃያ ካልሞላስ?»

«ይፈርሳል።»

«እንግዲያው አንዱን ጻፊ፤ እኔ አለሁ።»

«የሕንፃው ሠራተኛ አይቆጠርም፣ አባቴ» አለች ለስለስ ብላ። ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

ሃያ ሰው! ሃያ ሰው ምን አላት? ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ ሰው በር ላይ ብቻ ተሰልፎ ይታይ ነበር። ጠባቂው ማክሰኞ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጥሩምባ ነፊው ነው፤ የአዳራሹ ባንድ መሪ የነበረ፣ እኩያቸው፣ ያኔ ክፉና ደጉን አብረው ያዩ ወዳጃቸው።

«አንተ ሰው! አለህ እንዴ?» አለ ጥሩምባ ነፊው በሩን ሲከፍት። ቤቱ ከአዳራሹ ሦስት መቶ እርምጃ አይርቅም። ጠባቂው የመጡበትን ነገሩት። ጥሩምባ ነፊው ራሱን እያከከ ሰማቸውና «ከባለቤትህ ቀብር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንጫወት የመጣን ዕለት ትዝ ይልሃል?» አላቸው።

«እንዴት ይረሳኛል? ጥሩ ተጫወታችሁ።»

«ጥሩስ አልተጫወትንም። አንተ እኮ እኔ እግር ሥር ሳፋ ይዘህ ቁጭ ብለህ ነበር!» ጥሩምባ ሲነፋ ውስጡ ውሃ ያጠራቅማል፤ ነፊው በየመሃሉ ማንጠባጠብ አለበት፤ ግዴታ ነው። «ጠብ ባለ ቁጥር ቀና ብለህ ታየኛለህ። ሕዝብ ፊት! እስቲ አንተ ብትሆን ትነፋለህ? ከዚያ ቀን ወዲያ ከንፈሬ እምቢ አለኝ።»

«ውሃ እንጨት ያበላሻል እኮ።»

«እንጨቱማ አልተበላሸም፤ ባንዱ ነው የተበላሸው» አለ ጥሩምባ ነፊው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አንተ ሞኝ አልነበርክም፤ የማትለቀው ከምን የመጣ እንደሆነ እንጃ።» ሐሙስ ይመጣ እንደሆነ ጠየቁት። «አያለሁ» አለ። «አያለሁ» ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ ሽማግሌ አይጠፋውም።

ከዚያ ልብስ ሰፊውን ጠየቁ፤ ሥራ በዝቶበታል። መድኃኒት ቤት ገቡ፤ ባልና ሚስቱ ፋርማሲስቶች እርስ በርስ ተያይተው ወደ መደርደሪያቸው ዞሩ። በመጨረሻ ላውንድሪ ቤት ደረሱ። የላውንድሪዋ ባለቤት እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ የተጠቀለለ፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሷ በኩል ሳያልፍ አይውልም። ጠባቂውን ስታይ ካፏ አመለጣት።

«ውይ! ጋሼ አውልቁ!»

ልብስ የሚተኩሱት ሴቶች ፊታቸውን በአንሶላ ሸፍነው ተንፈቀፈቁ።

«ማን አልሽኝ?»

«አይ… ሰፈሩ እንደዚያ ነው የሚልዎት። አያውቁም እንዴ?»

አያውቁም። ክው ብለው ቀሩ። ነገሩ ስድብ ሆኖባቸው አይደለም፤ ስሙስ ደህና ስም ነው፣ ያስቃል። ግን ሰው ቅጽል ስም ወጥቶለት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይሰማ የሚኖረው መቼ ነው? ስቆ የሚነግረው ወዳጅ ሲያጣ ነው። ይህን እዚያው፣ ትኩስ የሳሙና ሽታ መሃል ቆመው አሰቡት።

ሴትየዋ ወንበር ሳበችላቸው። የመጡበትን ሲነግሯት ግን ሳቋ ጠፋ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብዎት፣ ጋሼ» አለች። «ይሄን ቤት የከፈትኩ ሰሞን ደስ ብሎኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ታኮ ጫማ ገዝቼ ልደንስ መጣሁ። እርስዎ ባዶ እግሬን ግቢ አሉኝ። ለዛሬ ብቻ ብዬ ለመንኩዎትና እሺ አሉ። ከዚያስ? ስደንስ ከኋላዬ ተንበርክከው፣ የረገጥኩትን ሁሉ በጨርቅ እየጠረጉ ተከተሉኝ! ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። ዘፈኑ ሳያልቅ ወጣሁ።»

ጠባቂው ያን ቀን ያስታውሳሉ። የሚያስታውሱት ግን አራት ጭረት አግኝተው ሦስቱን እንዳጠፉ ብቻ ነው።

ማታ ቤታቸው ገብተው፣ ለብርጭቋቸውም ለማንኪያቸውም ሳይደርሱ፣ ለልጃቸው ደወሉ።

«አባዬ? ምን ሆንክ? ዛሬ እኮ እሑድ አይደለም!» አለች ደንግጣ።

«ምንም አልሆንኩ» ብለው ሁሉንም አወሩላት፤ ሳፋውንም፣ ታኮውንም፣ ስሙንም። ስሙን ስትሰማ የምትስቅ መስሏቸው ነበር፤ አልሳቀችም።

«አባዬ፣ የእማዬ ቀብር ዕለት ሰው ሊያጽናናን አዳራሹ ድረስ ሲመጣ በር ላይ ጫማ አስወልቀኸዋል። አሮጊቶቹን ሁሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ ክራቸውን እየፈታሁ ነበር የማለቅሰው።»

«እናትሽ እኮ ናት ወለሉን እንዲያ የምትወደው። ዓርብ ዓርብ ተንበርክካ ስትወለውል አታስታውሺም?»

«አስታውሳለሁ። ለምን ዓርብ ነበር?»

«ልማዷ ነዋ» አሉ።

«ቅዳሜ ዳንስ ስለነበረ ነው፣ አባዬ። ሰሙን የምትቀባው ደናሾቹን እንዲያንሸራትታቸው ነው። ‹ነገ ይመጡና ድራሹን ያጠፉታል› እያለች እየሳቀች ነበር የምትወለውለው። አንተ የያዝከው ዓርቧን ብቻ ነው፤ ቅዳሜዋን ተውካት።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጠባቂው ወንበራቸው ላይ ብዙ ቆዩ። ጥፋት እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው ሁሉ ልክ ነበር፤ ይህ አላከራከራቸውም። ያቃጠላቸው ሌላ ነው። ባለቤታቸው የተቀበሩ ዕለት ለሰው ሁሉ «ግቡ» ማለት ሲገባቸው «አውልቁ» ነበር ያሉት። ዘጠኝ ዓመት ብቻቸውን የቀሩት ሰው ሞቶባቸው ብቻ አይደለም፤ የቀረውን ሰው በር ላይ መልሰውት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳውን ከበሩ ነቀሉና በብብታቸው ይዘው ላውንድሪ ቤት ሄዱ። «ያቺ የምትንገጫገጭ ማጠቢያሽ እግሯ አጥሯል መሰለኝ፤ ትናንት አይቻታለሁ» አሏት። «ይሄን አድርጊባት።»

ሴትየዋ ሰሌዳውን አየች፣ እሳቸውን አየች። ጎንበስ ብላ ከማጠቢያው ሥር ወሸቀችው። ልኩ ሆነ። ማጠቢያዋ ጸጥ አለች።

«አንድ ዘፈን ሳላስጨርስሽ ወጥተሻል» አሉ ጠባቂው መሬት መሬት እያዩ። «የኔ ጥፋት ነው። ሐሙስ ባትመጪም ይሄን ልነግርሽ ብዬ ነው።» መልስ ሳይጠብቁ ወጡ።

ሐሙስ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ለዓመታት የነጠላ ጫማ ድምፅ ብቻ የሰማው አዳራሽ እያንዳንዷን እርምጃ አጉልቶ መለሰላቸው። መደርደሪያውን ጓሮ አወጡት። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ የመጡት የኮሚቴው ሰብሳቢና ባለሙያዋ ብቻ ናቸው። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ባለሙያዋ ቅጹን ዘርግታ አንገቷን ደፋች። ጠባቂው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ኪሳቸው ውስጥ ያለውን የሰም ጨርቅ ጨመቁ።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲል ከውጭ ወሬ ተሰማ። የላውንድሪዋ ባለቤት አሥራ አንድ ሰው አስከትላ መጣች። ከኋላዋ ጥሩምባ ነፊው፣ ከተረፉት ሦስት የባንድ ጓደኞቹ ጋር፣ ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ። ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ። ባልና ሚስቱ ፋርማሲስቶች።

ሁሉም በሩ ላይ ሲደርሱ አንድ ላይ ጎንበስ አሉና ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ።

«አታውልቁ!» አሉ ጠባቂው። ድምፃቸው እንደ ቁጣ ወጣ፤ ሰዎቹም ደንግጠው ቀና አሉ። «አታውልቁ ማለቴ… ግቡ። እንዳላችሁ ግቡ።»

«ጋሼ፣ እንዲያው ልማድ ሆኖብን ነው…»

ጠባቂው አንድ እግራቸውን አንስተው ወለሉን በሙሉ ኃይላቸው ረገጡት። ከዚያ በሌላኛው። እንዲህ ሲያደርጉ ፊታቸው የሚስቅም የሚያለቅስም ይመስል ነበር። የላውንድሪዋ ባለቤት ቀድማ ገባች። ባለ ታኮ ጫማ ነው ያደረገችው።

ሰብሳቢው አንድ በአንድ ጠየቀ። ልብስ ሰፊው «ቼዝ ልጫወት» አለ። ፋርማሲስቶቹ «ፒንግ ፖንግ» አሉ። ጥሩምባ ነፊው «ምራቄን ላንጠባጥብ» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። የላውንድሪዋ ባለቤት «ያልጨረስኩት ዘፈን አለኝ» አለች። ባለሙያዋ እየጻፈች፣ እየቆጠረች መጨረሻው ላይ ደረሰች። ብዕሯን አንስታ እንደገና ቆጠረች።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ቀስ ብላ።

ሳቁ ጠፋ። አንዱ ወጥቶ መንገድ ላይ ሰው ልፈልግ አለ፤ ሰብሳቢው አራት ሰዓት ማለፉን በሰዓቱ አሳየ። ሁሉም ወደ ጠባቂው ዞሩ።

ጠባቂው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡ። ሁለት ጣት የሚያህል የብረት ቁልፍ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከኪሳቸው ወጥቶ አያውቅም። አዳራሹን አቋርጠው ሄዱና የላውንድሪዋ ባለቤት እጅ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ተመልሰው ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሙ።

«ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ውጣ የሚለኝ አጥቼ ነው የቆየሁት» አሉ። «አሁን ሠራተኛ አይደለሁም። ጠይቁኝ።»

ሰብሳቢው ባለሙያዋን አየ። «ቅጹ ‹ሠራተኛ የሆነ› ነው የሚለው» አለች ባለሙያዋ ፈጠን ብላ፤ «‹ሠራተኛ የነበረ› አይልም።»

«መልካም» አለ ሰብሳቢው። «እርስዎ ለምን ይመጡበታል? ቼዝ ይጫወታሉ?»

«አልችልም።»

«ፒንግ ፖንግ?»

«አልችልም።»

«ይደንሳሉ?»

«ባለቤቴ ነበረች የምትደንሰው። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አያት ነበር።» ሠላሳ ዓመት መጫወቻ ቤት ጠብቀው አንድ ጨዋታ አልተማሩም። ይህ ለራሳቸውም ገና አሁን ታወቃቸው።

«ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?»

ጠባቂው የመድረኩን ጥግ አዩ። ልወለውል ሊሉ ነበር፤ ግን እሱ የጠባቂ ሥራ ነው፤ ጠባቂው ደግሞ ከአሁን ወዲያ የለም።

«ቤቴ ሰው የለም» አሉ።

የባለሙያዋ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆመ። «እንዲሁ ልጻፈው?»

«እንዲሁ ጻፊው፣ ልጄ። ለዚያ ነው የምመጣው።»

ጻፈችው። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ እየጠቀለለ «የኔንም ካላስቸገርኩ እንደሳቸው አርሚልኝ» አለ። «ቼዝ ያልኩት አፍሬ ነው።»

ሰብሳቢው ከዚህ በኋላ ብዙ አልተናገረም። ቅጹን ተቀብሎ ከታች «ይቆይ» ብሎ ፈረመና ሄደ። ጥሩምባ ነፊው አንድ ዘፈን ሞከረ፤ ከንፈሩ ሁለት ቦታ ከዳው፤ ማንም ግድ አልሰጠው። ውሃው ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ አለ። የጠባቂው እጅ ሳያስቡት ኪሳቸው ገብቶ ጨርቁን ያዘ፤ እዚያው ይዘውት ቆዩ።

ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲበተን በሩ ላይ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። የላውንድሪዋ ባለቤት የማታውቀውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ አዙራ፣ በሦስተኛው ቆለፈች። ጠባቂው ሊነግሯት ይችሉ ነበር፤ ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ ነው የሚዞረው። ዝም አሉ።

«ነገ ስንት ሰዓት ልክፈትልዎ፣ ጋሼ?» አለቻቸው።

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የመንገዱን ማዶ አዩ፤ ቤታቸው በዚያ በኩል ነው።

«በጊዜ ክፈቺ» አሉ።